የዘጌ አፈር ይቆፈር ወይስ እንደታፈረ ይቆይ?

መምህሩ (ባሕር ዳር)፦ እንዴት ዋላችሁ ወገኖቼ። ባለፈው ሳይቋጭ የቀረውን ክርክር ልቀስቅሰው። ዘጌና የጣና ደሴቶች ላይ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ይፈቀድ ወይ? ከቁፋሮው ጋርስ በየዓመቱ የሳይንስ ፌስቲቫል ቢኖር? «ደሴት ላይ ምን ሳይንስ አለ» ላላችሁኝ፣ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉትን የኦርክኒ ደሴቶች እዩ። ሕዝባቸው 22,000 ገደማ ነው። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሴፕቴምበሩ፣ ለእኛ የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ የሳይንስ ፌስቲቫል አላቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኔስ ኦቭ ብሮድጋር በሚባል ቦታ ማረሻ አንድ የተጠረበ ድንጋይ ገለበጠ። ከሥሩ 5,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ትልልቅ የድንጋይ ሕንፃዎች ወጡ። ሃያ ዓመት ያህል በየበጋቸው ሲቆፈር የአገሩም ሰው እንግዳውም ጉድጓዱ ዳር ቆሞ ያይ ነበር።

የዘጌ ልጅ፦ መምህር፣ ማረሻ አልክ? የእኔ ክርክር እዚያው ላይ ነው። የዘጌን ገዳም የመሠረቱት አባ በትረ ማርያም በተቀበሉት ቃል ኪዳን ዘጌ አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም። ቡናና ጌሾ ሸጠን ነው የኖርነው። በሬ ያልረገጠውን መሬት አንተ በአካፋ ልትገባበት?

ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ አርኪዮሎጂ ነው የምማረው፤ እኔ ደግሞ ይህንኑ ስሰማ ምራቄን ነው የምውጠው። ማረሻ የላዩን ዘመን ከታቹ ያደባልቀዋል። ዘጌ ካልታረሰ ንብርብሩ እንዳለ ነው ማለት ነው፣ የቡና ሥር ካላተራመሰው። ደግሞ ሥራችን በዶማ መፈለጥ አይደለም። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ይለካል፣ አፈሩ ስስ ስስ እየተደረገ ይነሳል፣ በወንፊት ይነፋል። ቀሪው ውኃ ውስጥ ሲበተን የከሰለ ፍሬ ካለ ይንሳፈፋል። ከጣና በስተምሥራቅ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (የሮሃው አይደለም) ከ2,000 ዓመት በላይ የቆየ ገብስና ሽምብራ የተገኘው በቁፋሮ ነው። ይህን የትኛውም ገድል አልጻፈልንም።

ዲያቆኑ፦ እህቴ፣ ገብሱስ ይሁን። ዛሬ ገብስ ያለ ነገ አጽም ይላል። ጣና ላይ ባለው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የእነ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የእነ ዐፄ ፋሲል አጽም አለ። «ትንሽ ቁራጭ ለምርመራ» ሲባል ማን ሊያቆመው ነው? በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተጫነው ብራና ዛሬም ለንደን ነው።

መምህሩ፦ የመቅደላውኮ የጦር ዝርፊያ ነው ዲያቆን። አሁን የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ያለ ፈቃድ ማንም አይቆፍርም።

ዲያቆኑ፦ ፈቃዱን የሚሰጠው አዲስ አበባ፣ መሬቱ ያለው እዚህ። እኔ የምጠይቀው የአዲስ አበባውን ማኅተም አይደለም፤ የገዳሙን አበ ምኔት ማን ጠየቃቸው ነው የምለው።

ታንኳ ሠሪው፦ እናንተ ስለ ነገሥታትና ስለ ገዳማት ትከራከራላችሁ። እኛ ወይጦዎችስ? አያቶቻችን ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ እኛ ዛሬም ደንገል ቆርጠን ታንኳ እናስራለን። የጥንት ቋንቋችን ጠፍቷል። የነገሥታቱ ታሪክ ብራና ላይ አለ፤ የእኛ አፈር ውስጥ ከሌለ የትም የለም። የምንሠራው ነገር ሁሉ የሚበሰብስ ነው፣ ታንኳ ራሱ ወራት ነው የሚቆየው። እኔ ይቆፈር ባይ ነኝ። የእኛን ዳር ስትቆፍሩ ግን እኛው አፈሩን እየነፋን፣ ሞያውንም እየተማርን ይሁን። ቆሞ ማየትማ ለምደነዋል።

የዘጌ ልጅ፦ ይህን አላሰብኩትም፣ እውነት ለመናገር። ለመሆኑ መምህር፣ ያ የኦርክኒው የት ደረሰ?

መምህሩ፦ በ2024 እ.ኤ.አ. ዘጉት። ድንጋዩ አየር ሲያገኘው ይሰነጣጠቃል፤ አፈሩን መልሰው አለበሱት።

የዘጌ ልጅ፦ ኧግ! ሃያ ዓመት ቆፍረው ቀበሩት? ይህማ እንዳይቆፈር የእኔ ማስረጃ ነው።

ተማሪዋ፦ የእኔም ነው። ለክተው፣ ሥለው፣ መዝግበው፣ ሳይነኩት የተረፈውን የተሻለ መሣሪያ ለሚይዝ ትውልድ ተዉት።

ዲያቆኑ፦ ይህስ መልካም ነው። የነካውን መልሶ የሚያለብስ ቆፋሪ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ዓሣ አስጋሪው (ደቅ ደሴት)፦ ዘግይቼ ገባሁ፣ ኔትወርክ የለም። በ1995 ሐይቁ ክፉኛ ሲሸሽ ታስታውሳላችሁ? ጀልባው ሁሉ ጭቃ ላይ ሲቀር ዳር ዳሩን ገል ተነጥፎበት ነበር። እኔ አንድ መጅ አነሳሁ። ሆዱ በመፍጨት ብዛት ተበልቷል፣ በጎኑ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎድጎድ አለ። የያዘችው ሴት ግራኝ ሳትሆን አትቀርም፣ በቀኝ ስይዘው አይመቸኝም። ለእናቴ ሰጠኋት፣ እስከ ዛሬ ጨው ትፈጭበታለች። ሌላውን ማዕበል በላው። እናንተ ይቆፈር አይቆፈር ትላላችሁ፤ ሐይቁ ማንንም ሳያስፈቅድ እየቆፈረ ነው።

ተማሪዋ፦ አያ፣ አቋረጥኩህ፦ ያነሳህበትን ቦታ ታውቀዋለህ?

ዓሣ አስጋሪው፦ እንዴት ይጠፋኛል። መረቤን የማሰጣበት ነው።

ተማሪዋ፦ ተመስገን። ቦታው ካልታወቀ መጁ ተራ ድንጋይ ነው። ኦርክኒም ሩሴ የምትባል ደሴት ላይ ስዋንድሮ የሚባል የጥንት ሰፈር አለ፤ ባሕር እየናደው ስለሆነ ተሽቀዳድመው ነው የቆፈሩት። እኛም ከዳር ብንጀምር?

የዘጌ ልጅ፦ ውኃ የሚበላውን ዳር አልከራከርም። ጫካው ውስጥ ግን ማንም ጉድጓድ እንዳይከፍት። ፌስቲቫሉም ባነር ሰቅሎ፣ አበል ተቀብሎ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱን ጣና ላይ ጥሎ መሄድ ከሆነ ይቅርብን። እምቦጭ ይበቃናል።

መምህሩ፦ እምቦጩን ራሱን ልጆች በማይክሮስኮፕ ይዩት ነው የምለው። ጣና ካልሆነ ሌላ የትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉን፤ አስጋሪዎች ያስተምሩን። ከሐይቁ ወለል የወጣው ጭቃ ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ ጣና ደርቆ እንደነበር አሳይቷል።

ዲያቆኑ፦ ጣና ደርቆ? ይህን ለአባቶች አንተው ንገራቸው፣ እኔ የለሁበትም።

ተማሪዋ፦ ቦታውንም አስቡበት። ዳጋና ክብራን ገዳማት ሴት አይገባም። ሥርዓቱን አልነቅፍም፤ ባለፈው ጓደኞቼ ወጥተው ሲያዩ እኔ ጀልባ ላይ ኦቾሎኒ ስፈለፍል ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። ለተማሪ የሚዘጋጅ ነገር ግማሹን ተማሪ ጀልባ ላይ ካስቀረ ምኑን ተዘጋጀ። ደቅ ላይ ይሁን። ናርጋ ሥላሴንም ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት።

ዓሣ አስጋሪው፦ ደቅ ከሆነ እናቴን ጠየቅኋት። መጁን ለሙዚየም አልሰጥም ብላለች፣ በምን ልፍጭ ነው የምትለው። ልጆች መጥተው በእሱ ጨው ይፍጩበት፣ ማን ግራኝ እንደሆነ እናያለን አለች።

መምህሩ፦ ቅዳሜ ጀልባው በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?