ዝም ስል ስቴሪዮው መሃል ላይ ይሰበሰባል፤ መፍትሔ ያለው?

ሰባራ_ማይክ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ የድምፅ መደወያ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ማይክ አለ፤ ግራና ቀኝ፣ በመሃላቸው 17 ሳንቲ ሜትር። ኮዴኩ (ድምፁን የሚጨምቀው) ኦፐስ ነው፣ ፍሬሙ (አንዱ የድምፅ ቁራጭ) 20 ሚሊ ሰከንድ። ሰው ዝም ሲል የድምፅ ፓኬት መላክ አቆማለሁ። በምትኩ በየ160 ሚሊ ሰከንዱ አንዲት ትንሽ ፓኬት ትሄዳለች። የያዘችው የጀርባውን ድምፅ መጠንና ቅርፅ ብቻ ነው። ተቀባዩ እሱን ይዞ ራሱ ኖይዝ ያመነጫል።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ትናንት ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ሞከርኩት። ተቀባዩ ጋ የደረሰውን ቀድቼ በሄድፎን ሰማሁ። ሳወራ ዝናቡ ዙሪያዬን ሞልቶታል። ዝም ስል ግን ሹልክ ብሎ ጭንቅላቴ መሃል ይገባል። እንደገና አፌን ስከፍት ይዘረጋል። ክፍሉ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው።

ጉልት_ኮደር፦ ዲቲኤክሱን (ዝምታ ላይ መላክ የሚያቆመውን) አጥፊውና ተገላገይ።

ሰባራ_ማይክ፦ አልችልም ወንድሜ። ተጠቃሚዎቼ የዳታ ጥቅል እየገዙ ነው የሚደውሉት። በሰከንድ 50 ፓኬት ይሄዳል። እያንዳንዱ ፓኬት ድምፁ ሳይቆጠር 40 ባይት ራስጌ ይሸከማል። ለፖስታው ብቻ በሰከንድ 16 ኪሎ ቢት ማለት ነው! ሁለት ሰው ሲያወራ ደግሞ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ሰሚ ነው። ኖይዙን ጭራሽ ካጠፋሁት ሰሚው «ሃሎ? አለሽ? ተቋረጠ እንዴ?» ይላል። እሱንም ሞክሬዋለሁ።

የሽቦ_ልጅ፦ መጀመሪያ እንለካው። ዝምታው ላይ የሁለቱን ቻናል መጠን እኩል አድርጊና ከግራው ቀኙን ቀንሺ። የሚቀረው ባዶ ከሆነ ኖይዝሽ ስቴሪዮ ለብሶ የመጣ ሞኖ ነው።

ሰባራ_ማይክ፦ ቀነስኩ። ጸጥ! ምንም የለም። ኮዱን ሳየው ሁለቱንም ቻናል በአንድ ሲድ (የራንደም ቁጥር መነሻ) ነው የማስነሳው። ያው ራንደም ቁጥር ለሁለቱም ይደርሳል።

ጉልት_ኮደር፦ ይኸው ተገኘ። ለየብቻ ሲድ ስጫቸው፣ አለቀ።

ሰባራ_ማይክ፦ ሰጠኋቸው። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሁለት ዝናብ ሆነ፤ አንዱ ግራ ጆሮዬ ላይ፣ አንዱ ቀኝ ጆሮዬ ላይ። መሃሉ ባዶ። ሳወራ የሚሰማው ዝናብ እንዲህ አይደለም።

ኤኮ_ሰሚ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መንትዮች ነበሩሽ። አሁን ደግሞ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ጎረቤቶች። እውነተኛው ክፍል ውስጥ ያሉት ግን ዘመዳሞች ናቸው። የዝምድናው ልክ ኮሂረንስ ይባላል፤ 1 ከሆነ ያው አንድ ድምፅ ነው፣ 0 ከሆነ ባዳ። ያንቺ ፓኬት መጠንና ቅርፅ ትልካለች፣ ዝምድናውን ግን ረስታዋለች።

ለጠቅላላው ድምፅ አንድ ቁጥር አይበቃም። ከየአቅጣጫው እኩል የሚመጣ ኖይዝ ወፍራሙ (ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ) ላይ በሁለቱም ማይክ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ወደ ቀጭኑ ስትወጪ ይለያያል። በ17 ሳንቲ ሜትር ርቀት ወደ 1 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ዝምድናው ዜሮ ይገባል፤ ከዚያ በላይ እምብዛም አይገናኙም። ስለዚህ በየባንዱ (በየፍሪኩዌንሲው ክልል) ለኪ። 6 ባንድ፣ ለእያንዳንዱ 3 ቢት ብትሰጪ 18 ቢት ነው። ሦስት ባይት እንኳ አይሞላም።

ተቀባዩ ላይ ሁለት የማይገናኙ ኖይዞች አመንጪ። አንዱን «መሃል»፣ ሌላውን «ጎን» በያቸው። ኮሂረንሱ 0.6 ነው እንበል። መሃሉን በ0.89 አባዢ፤ ይህ የ(1+0.6)/2 ስኴር ሩት ነው። ጎኑን በ0.45፤ ይህ ደግሞ የ(1−0.6)/2 ስኴር ሩት። ሲደመሩ ግራውን ይሰጡሻል፣ ከመሃሉ ጎኑ ሲቀነስ ቀኙን። የየቻናሉን መጠን በመጨረሻ ጨምሪ፣ አለዚያ ዝምድናውን ታበላሺዋለሽ።

አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔ ሁለት ቀን አቃጥዬበታለሁ። ለአንድ ፍሪኩዌንሲ ከአንድ ፍሬም ብቻ ከለካሽ ኮሂረንሱ ሁልጊዜ 1 ነው የሚወጣው። ሒሳቡ ነው፣ ባግ አይደለም። የቻናሎቹን ኃይልና የእርስ በርስ ብዜታቸውን በፍሬም ብዛት አለስልሺ፤ ከድሮው 0.95፣ ከአዲሱ 0.05 ውሰጂ። ማካፈሉ ከዚያ በኋላ ነው።

የሽቦ_ልጅ፦ በዚህ ላይ፦ ንግግሩ እንዳለቀ ወዲያው አትለኪ። ድምፅሽ ከአንድ ቦታ ስለሚመጣ ዝምድናው ከፍ ያለ ነው። የቃል ጭራ ከገባበት ዝናቡ እንደገና ይጠባል፣ መጠኑም ይዘላል። የድሮው የሞባይል ድምፅ ኮዴክ ኤኤምአር እንኳ ከንግግር በኋላ 7 ፍሬም ይጠብቃል። የኖይዝ ማጥፊያ ፊልተር ካለሽም ሁለቱን ቻናል አንድ ላይ ይያዝ። ለየብቻ ከሠራ ገና ሳትለኪው ምስሉን ያፈርሰዋል።

ዝምታ_ወርቅ፦ የሞባይል ኔትወርክ ደረጃ የሚያወጣው የ3ጂፒፒ አይቫስ ኮዴክ ውስጥ ይህ ነገር ተሠርቷል፤ ከእሱ በፊት የነበረው ኢቪኤስ ሞኖ ነበር። ሰነዱን አንብቢው። ኮዱን ግን ገልብጠሽ ምርት ላይ አታውዪ፣ የፓተንት ጣጣ አለበት።

ሰባራ_ማይክ፦ ሠራ! ዛሬ ዝናብ የለም፣ የትናንቱን ቅጂ ነው ያጫወትኩት። ዝም ስል ዝናቡ ቦታው ላይ ይቀራል። 7 ፍሬም መጠበቁ ብቻውን ግማሹን ችግር ፈታው። አንድ ነገር ቀረኝ፤ በግራ በኩል ያለው ፍሪጅ ሳወራ «እምምም» ይላል፣ ዝም ስል ግን «ሽሽሽ» ይሆናል።

ኤኮ_ሰሚ፦ እሱን ኖይዝ ማመንጫ አይሠራልሽም። የፍሪጁ ቋሚ ቃና ነው፤ በ6 ባንድ ስትጨፈልቂው ተራ ሽውታ ይሆናል። ወይ በ50 ኸርዝና በብዜቶቹ ላይ ጠባብ ፊልተር አድርጊ፣ ወይ ማይኩን አዙሪ።

ሰባራ_ማይክ፦ ፍሪጁን ነቀልኩት። ሙከራው እስኪያልቅ ወተቱ ይታገሰኛል።