መሃሉን ኤአይ የሞላው ፊልም «ብቻዬን ሠራሁት» ይባላል?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው የአጫጭር አኒሜሽን ምሽታችን ላይ የተነሳውን ክርክር እዚህ እንቀጥል። ላልነበራችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። «በአንድ ሰው የተሠራ» በሚለው ምድብ አንድ የሁለት ደቂቃ ተኩል ፊልም ታየ። ሁላችንም ወደድነው። በኋላ ሠሪው ስለ አሠራሩ ሲያወራ፣ ዋና ዋናዎቹን ሥዕሎች በእጁ እንደሳለ፣ በመሃላቸው የሚገቡትን ግን አብዛኞቹን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) እንዳስሞላ ተናገረ። ቀድሞ የጠየቀውም ሰው አልነበረም። ከዚያ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እንዲህ ያለ ፊልም በዚያ ምድብ ይግባ ወይስ አይግባ? ስድብ የለም፤ የሠሪውንም ስም አናነሳም።

እርሳስ፦
አይግባ። ብዙ ሰው ገጸ ባሕሪው ዋናው ሥዕል ላይ ያለቀ ይመስለዋል። እስቲ አንድ ልጅ ከግራ ወደ ቀኝ ዞሮ በር ሲያይ እናስብ። ዋናዎቹ ሥዕሎች ሁለት ናቸው፤ ግራ ሲያይ፣ ቀኝ ሲያይ። በመሃሉ ምን ይሆናል? ዓይኑ ይቀድማል ወይስ አፍንጫው? አገጩን ዝቅ አድርጎ ይዞራል ወይስ ቀጥ ብሎ? ሲዞር ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል? ዓይኑ ከቀደመ፣ ልጁ ኮቴ ሰምቷል። ጭንቅላቱ ዞሮ ዓይኑ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ማየት አልፈለገም። ዋናዎቹ ሥዕሎች ያው ናቸው፣ ልጆቹ ግን ሁለት የተለያዩ ልጆች ናቸው። ይህን ውሳኔ ለሌላ አሳልፎ የሰጠ ሰው እንዴት «ብቻዬን» ይላል?

የሌሊት ሠራተኛ፦
እህቴ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ግን ሂሳቡን አብረን እናስላው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብናቆየው በሰከንድ 12 ሥዕል። ለአንድ ደቂቃ 720። ለሦስት ደቂቃ 2,160። እኔ የምሠራው ማታ፣ ከእንጀራ ሥራዬ ከገባሁ በኋላ ነው። ቀን ከወጣልኝ 10 ሥዕል እስላለሁ። ስለዚህ 216 ማታ፤ ያውም አንድም ቀን ሳልታመም፣ አንድም ቀን ሳይደክመኝ፣ አንድ ገጸ ባሕሪ ብቻ ይዤ። ቀለሙን፣ ከኋላ ያለውን ሥዕል፣ ድምፁን ገና አልቆጠርኩም። ኮምፒውተሬ ላይ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እና «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚባሉ ሦስት ፊልሞች አሉ። አንዳቸውም አላለቁም። እና ስለ አገጭ ዝቅ ማለት ስትነግሪኝ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ገና ጀማሪ፦
ሃሃ፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እኔም ጋ አለ።

ጋሽ ወረቀት፦
ልጆች፣ «ብቻውን» የሚለውን ቃል ማንም ሳይጠይቀው አለፋችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊንዞር ማኬይ በ1914 ጌርቲ የተባለችውን ዳይኖሰር በፊልም ሲያንቀሳቅስ፣ ሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎችን በእጁ ስሏል። ነገር ግን ያኔ ከኋላ ያለው ድንጋይና ሐይቅ በየወረቀቱ እንደገና መሳል ነበረበት። ያንን የሚገለብጥለት አንድ ወጣት ረዳት ነበረው። ሥራው የማን ነው ሲባል ግን ዛሬም የማኬይ ነው።

ከዚያ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች መጡ። ዋናውን ሥዕል አንጋፋው ይስላል፣ መሃሉን ጀማሪዎች ይሞላሉ። በ1961 በወጣው የ101 ውሾቹ ፊልም ላይ ደግሞ ዲዝኒ የእርሳሱን መስመር በዜሮክስ ማሽን ቀለም ወደሚቀባበት ግልጽ ፕላስቲክ አዞረ። መስመሩን በቀለም ይገለብጡ የነበሩት ሰዎች ሥራ ለማሽን ሄደ። በ1974 ፒተር ፎልዴስ ካናዳ ውስጥ ስለ ረሃብ አጭር ፊልም ሠራ። እሱ ዋናዎቹን ሥዕሎች ሰጠ፣ መሃሉን ኮምፒውተር አሰላ። ፊልሙ ለኦስካር ታጭቷል። ማሽን መሃል መሙላት ከጀመረ 50 ዓመት አለፈው፤ ዛሬ እንደተወለደ አታስመስሉት።

እርሳስ፦
ጋሼ፣ ታሪኩን ከእርስዎ እኩል የሚያውቅ እዚህ የለም። ግን አንድ ነገር ዘለሉ። እነዚያ አንጋፋዎች ለጀማሪው ሁለት ሥዕል ወርውረው አልሄዱም። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንዲት መስመር ያሰምሩ ነበር፤ በላይዋ ላይ ጭረት ጭረት ያለባት። እያንዳንዱ ጭረት አንድ መሃል ሥዕል ነው። ጭረቶቹ ወደ መጨረሻው ከተጠጋጉ፣ እጁ በፍጥነት ተነስቶ ቀስ ብሎ ያርፋል። ወደ መጀመሪያው ከተጠጋጉ፣ እያመነታ ይነሳና ፈጠን ብሎ ይደርሳል። ጀማሪው ያቺን መስመር እያየ ነው የሚስለው። እጁ የጀማሪው ነው፣ ውሳኔው የአንጋፋው።

እኔ መሃል ሥዕል የተማርኩት እንደዚያ ነው። አሠሪዬ ጭረቱን በአንድ ሚሊ ሜትር ስለሳትኩ ወረቀቱን ይመልስልኝ ነበር። ያኔ አለቀስኩ፤ ዛሬ ገብቶኛል። እና ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያ ፊልም ሲሠራ ለኤአዩ መስመር ተሰጥቶታል? ወይስ ሁለት ሥዕል አስገብቶ ጠቅ ብቻ ነው የተደረገው?

ባለ ሪግ፦
እንግዲያው እኔንም አስወጡኝ። የምሠራው በብሌንደር ነው፣ ባለ ሦስት አውታር (3D) አኒሜሽን በሚሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም። ገጸ ባሕሪዬን አንዴ እቀርጸዋለሁ፣ ሪግ የሚባለውን የሚንቀሳቀስበትን አጥንት አስገባለታለሁ፣ ከዚያ እዚህ ቁም፣ እዚያ ተቀመጥ እለዋለሁ። መሃሉን ኮምፒውተሩ ያሰላል። በሕይወቴ አንድም መሃል ሥዕል ስዬ አላውቅም። እስከ ዛሬ «ብቻህን አልሠራህም» ያለኝ ሰው የለም።

እርሳስ፦
አንተ ግን ግራፉን፣ የእንቅስቃሴውን ፍጥነት የሚወስነውን መስመር፣ ትነካካለህ፣ አይደል?

ባለ ሪግ፦
እሱማ ቀኑን ሙሉ የምውለው እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ እንደሰጠኝ ብተወው ገጸ ባሕሪዬ ውሃ ውስጥ የሚሄድ ይመስላል። ክብደት የለው፣ ሐሳብ የለው።

እርሳስ፦
መልሱን ራስህ ሰጠኸኝ።

ባለ ሪግ፦
ኧረ አልሰጠሁሽም! ኤአዩ የሞላውን ይዞ እንደኔ ቁጭ ብሎ የሚያርም ሰው ቢመጣስ? ምድቡ ውስጥ ታስገቢዋለሽ?

ጆሮ፦
እኔ ልግባ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የባለ ሪግ ኮምፒውተር የሚያሰላው በባለ ሪግ ቁጥሮች መሃል ነው። ኤአዩ የሚሞላው ግን የሌሎች ሰዎችን ሥዕል አይቶ በተማረው ነው። እነዚያ ሰዎች ሲስሉ ለዚህ ብለው አልሳሉም። «አንድ ሰው» ስንል እነሱን የት እናስቀምጣቸዋለን?

ሕጉም ገና እየተንገዳገደ ነው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በ2025 መጀመሪያ ላይ ባወጣው ሪፖርት፣ ለኤአይ ትዕዛዝ በመጻፍ ብቻ የተገኘ ነገር የቅጂ መብት ጥበቃ አያገኝም ብሏል። ሰው የሳለው ወይም በራሱ ፈጠራ ያስተካከለው ክፍል ግን ይጠበቃል። በዚያው ዓመት ኦስካር የሚሰጠው አካዳሚ ደግሞ ኤአይን መጠቀም ለእጩነት አይጠቅምም አይጎዳምም አለ። የሚመዘነው ሰው በፈጠራው ውስጥ ምን ያህል ዋና ነበር የሚለው ነው። ይህን ካያችሁ እኛ እዚህ የምንጨቃጨቅበትን እነሱም በሚገባ አልቋጩትም።

በነገራችን ላይ ስለ ድምፅ እስካሁን ማንም አላነሳም። እንደተለመደው።

የሌሊት ሠራተኛ፦
እሺ፣ እኔ ደግሞ የሆነብኝን ልናገር። አልኮራበትም።

«እውነተኛው የመጨረሻ» ላይ አንድ ሽማግሌ አለ። ልጁ ልትሄድ ነው። አንድ ነገር ሊላት ይፈልግና ይተወዋል። 40 ሰከንድ የሚሆን ትዕይንት ነው። ዋና ሥዕሎቹን ሳልኩ፤ አፉ የተዘጋ፣ አፉ ሊናገር የተከፈተ፣ እንደገና የተዘጋ። ደክሞኝ ስለነበር መሃሉን ኤአይ አስሞላሁ። አንድ ፍሬም አልተበላሸም። ጣቱም ልክ፣ ኮቱም ልክ። ሳጫውተው ሽማግሌው ያዛጋል።

እውነቴን ነው። ልጁን እየሸኘ ያዛጋል። አፉ እኩል እኩል ተከፍቶ እኩል እኩል ተዘጋ። ሰው ሊናገር ሲል መጀመሪያ ትንፋሽ ይስባል፣ ደረቱ ከአፉ ይቀድማል፣ ከንፈሩ ይያዛል፣ ከዚያ ነው የሚከፈተው። ሲተወው ደግሞ ቶሎ ነው የሚዘጋው። እኔ ያንን በየትኛውም ሥዕል ላይ አልሳልኩትም። ታዲያ ከየት ያምጣው? ሁሉንም አጠፋሁና አምስት ሥዕል በእጄ ሳልኩ። አምስት ብቻ! ሽማግሌው ተናገረ፤ ማለቴ፣ ሳይናገር ቀረ።

ግን ጨርሼ አልተረታሁም። በዚያው ፊልም ውስጥ ሽማግሌው ከሩቅ፣ የጣት ጫፍ አክሎ፣ ሜዳ ሲያቋርጥ አለ። ያንን ኤአዩ ሞላው፣ ጥሩ ሞላው። እዚያ ላይ 60 ሥዕል በእጄ ብስል ማን ይጠቀማል? የቱ እጄን እንደሚፈልግ፣ የቱ እንደማይፈልግ የማውቀው እኔ ነኝ። ያም ውሳኔ ነው።

እርሳስ፦
አምስቱን ሥዕሎች ማየት እፈልጋለሁ። የምሬን ነው።

ጋሽ ወረቀት፦
«ያዛጋል» የሚለው ገደለኝ። ይህ በእጅም ይሆናል እኮ። ጀማሪ ሳለሁ የሳልኳት ተናዳጅ ሴት ወንበር ላይ ስትቀመጥ ላባ ትመስል ነበር። ማሽን አልነበረኝም፤ የራሴ ጥፋት ነው።

ገና ጀማሪ፦
እኔ ብዙ አላውቅም፣ አትሳቁብኝ። ግን ለምን ያን ያህል ይሳላል? ማለቴ፣ የሌሊት ሠራተኛ፣ የሽማግሌው ኮት ስንት ቁልፍ አለው?

የሌሊት ሠራተኛ፦
ስምንት። ባለ ሁለት ረድፍ ኮት ነው፤ የድሮ።

ገና ጀማሪ፦
ስምንት በ2,160 ሲባዛ 17,280 ቁልፍ ነው። በካልኩሌተር ነው ያየሁት። ኮቱ ቁልፍ ባይኖረው ሽማግሌው ሽማግሌነቱ ይቀራል? ዝም ብሎ የሚቆምበት ቦታስ የለም? አንድ ሥዕል ለሁለት ሰከንድ ቢቆይና ዓይኑ ብቻ ቢርገበገብ፣ 24 ሥዕል መሆን የነበረበት ሦስት አራት ሆነ።

ባለ ሪግ፦
ይህቺ ልጅ ከሁላችን በልጣለች። ላትቪያዊው ጊንትስ ዚልባሎዲስ በ2019 የወጣውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ብቻውን ነው የሠራው፤ ሙዚቃውን ሳይቀር። ሦስት ዓመት ተኩል ፈጅቶበታል። ፊልሙ ውስጥ ንግግር የለም፤ የአፍ እንቅስቃሴ የሚባል ጣጣ ገና ከታሪኩ ወጣ። የገጸ ባሕሪዎቹም ብዛት እፍኝ አይሞላም። በ2025 ኦስካር ያገኘበት የድመቷ ፊልም በቡድን የተሠራ ነው፣ በብሌንደር፤ እዚያም ንግግር የለም። ሰውየው ታሪኩን ሲመርጥ እጁን ለክቶ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ የሦስት መቶ ሰው ስቱዲዮ የሚሠራውን እናልማለን፣ ከዚያ ማሽን እንዲያድነን እንለምናለን።

የሌሊት ሠራተኛ፦
ይህ ግን ለእኔ መልስ አይሆንም። ኮቱን እወደዋለሁ። ሽማግሌው ያንን ኮት የለበሰው ልጁን ለመሸኘት ነው፤ ከሳጥን አውጥቶ። ማቅለልም ልክ አለው።

ጆሮ፦
አንድ ቁልፍ ይበጠስ። የተበጠሰ ቁልፍ ከስምንት ሙሉ ቁልፍ ይበልጥ ይናገራል።

የሌሊት ሠራተኛ፦
...ይህን ልሰርቀው ነው።

አወያይ፦
ወደ ጥያቄው እንመለስ። አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በዚህ ምድብ የሚገባ ሰው ከፊልሙ ጋር ዋና ሥዕሎቹን፣ የጭረት መስመሩን ወይም ግራፉን ይዞ ይምጣ። ኤአይ የሞላውን ትዕይንት በግልጽ ይጻፍ። ከዚያ የተመልካቹ ፈንታ ነው።

ጋሽ ወረቀት፦
ማን ነው ቁጭ ብሎ ያንን ሁሉ የሚያገላብጠው? እኔ እንደሆንኩ ዓይኔ ደክሟል። ደግሞስ መስመሩን ፊልሙ ካለቀ በኋላ አስምሮ የሚያመጣ ብልጣ ብልጥ አይጠፋም።

እርሳስ፦
እኔ አሁንም ለብቻው ምድብ ይከፈትለት ባይ ነኝ። ክልከላ አይደለም። ስሙ ይለይ ነው ያልኩት።

የሌሊት ሠራተኛ፦
ለብቻው ምድብ ማለት የጓሮ በር ማለት ነው። 60 የሩቅ ሥዕል ስላስሞላሁ በጓሮ ልግባ? በፊት ለፊት እገባለሁ፣ «የሩቁን ሜዳ ኤአይ ሞልቶታል» ብዬ መጨረሻው ላይ እጽፋለሁ። ያልወደደ አይጨብጭብ።

እርሳስ፦
የሽማግሌውን ፊት በእጅህ እስከሳልክ ድረስ አንተን አልቃወምም። የምቃወመው ያዛጋውን ሽማግሌ ይዞ የሚመጣውን ነው።

ባለ ሪግ፦
ሕጉን እንዲህ ብለን እንጻፈው እንግዲህ፦ «ያዛጋ አይገባም።»

ጆሮ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ሜዳውም ቢሆን ከሰው ሥዕል የተማረ ማሽን ነው የሞላው። ሩቅ ስለሆነ የሰው ንብረት መሆኑ አይቀርም። ድምፄ «አይግባ» ነው፤ መዝግቡልኝ።

አወያይ፦
ተመዝግቧል። እስከ እሁድ ሁላችሁም «ይግባ»፣ «አይግባ» ወይም «ጽፎ ይግባ» በሉ። እስካሁን የተመዘገበው የጆሮ «አይግባ» ብቻ ነው፣ ጋሽ ወረቀት ደግሞ ሁለቱንም ወገን ተሳድበዋል።

ጋሽ ወረቀት፦
«ጽፎ ይግባ» በሉኝ። እና ልጄ፣ አምስቱ ሥዕሎች የት አሉ? እኔም እፈልጋቸዋለሁ።

የሌሊት ሠራተኛ፦
ዛሬ ማታ እልካለሁ፣ ጋሼ። መጀመሪያ አንዱን ቁልፍ ልበጥሰው።