ጓሮ የወደቀ ስኩረል፦ እናንሳው ወይስ እንተወው?

ሰሊ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለግሩፑ። ዛሬ ጠዋት ቆሻሻ ላወጣ ስል ጓሮ አጥሩ ስር አንድ ስኩረል (ያ ዛፍ ላይ የሚወጣው ጭራው ጸጉራም) ወድቆ አገኘሁ። ሊሸሽ ሲሞክር በፊት እግሮቹ ይቧጥጣል የኋላዎቹ ግን ዝም ብለው ይጎተታሉ፣ ጭራው ስር ደም አለ። ልጆቹ በመስኮት አይተውት ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆኗል። ባለቤቴ አውሬ ነው አትንኪ ይላል፣ ፈረንጇ ጎረቤቴ ደግሞ ቤት አስገቢውና እንዴት እንደሚመገብ እኔ አሳይሻለሁ፣ አኒማል ኮንትሮል (የመንግስት የእንስሳት ተቆጣጣሪዎች ጋ) ከደወልሽ ግን መጥተው ይገሉታል አለችኝ። አሁን ትልቅ ካርቶን ደፍቼበት ነው የምጽፍላችሁ። የዱር እንስሳ ሲጎዳ ሰው ጣልቃ መግባት አለበት ወይ? ደሞስ በገዛ ጓሮዬ የወደቀን ነገር ለማከም ፈቃድ ያስፈልጋል የሚባለው እውነት ነው? ተከራከሩበት፣ ብቻ ስድብ አይኑር።

የቦሌው ልጅ፦
ኧረ ባካችሁ! ሀገር ቤት ሰው ለኩላሊት እጥበት ብር አጥቶ መንገድ ላይ እየለመነ እኛ እዚህ ለአይጥ ዘመድ አምቡላንስ እንፈልጋለን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ስኩረል ደሞ አሜሪካ ውስጥ ጠፍቶ ነው? በየመንገዱ መኪና ደፍጥጦት የምናየው እኮ ነው። ተይው ጭልፊት ይውሰደው፣ ጭልፊትም ልጆች አሏት።

ሀኒ ነርሷ፦
@የቦሌው ልጅ ካርቶን መድፋት ከኩላሊት በሽተኛ ላይ የሚቀንሰው ብር የለም፣ ሁለቱን አታጋጭ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰሊዬ እባክሽ በባዶ እጅ እንዳትነኪው። ሀገር ቤት ሰፈራችን ውስጥ ውሻ የነከሰው ልጅ ፓስተር ተወስዶ በየቀኑ ሆዱ ላይ መርፌ ሲወጋ እያየን ነው ያደግነው፣ ሬቢስ (የእብድ ውሻ በሽታ) አንዴ ምልክቱ ከጀመረ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የሚንገዳገድ እንስሳ ሲባል እኔ ቶሎ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ነው አስቡት እንጂ።

ቬት ቴክ ኖቫ፦
ቨርጂኒያ የእንስሳት ክሊኒክ ነው የምሰራው ስለዚህ ትንሽ ልበል። ሀኒ ስጋትሽ ይገባኛል ግን ስኩረል ላይ ሬቢስ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያው ሲዲሲም የሚለው ስኩረልና አይጥ የመሳሰሉ ትናንሽ እንስሳት አሜሪካ ውስጥ ሬቢስ ወደ ሰው አስተላልፈው አይታወቅም ነው። እዚህ አካባቢ መፈራት ያለባቸው ራኩን፣ የሌሊት ወፍ፣ ቀበሮ፣ ስካንክ ናቸው፣ ከአይጥ ወገን ደግሞ ግራውንድሆግ የሚባለው ትልቁ ሬቢስ ሊይዝ ስለሚችል ለብቻው ይታያል። ስኩረል ሲሽከረከር ወይ አንገቱ ሲጣመም ስታዩ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነው፣ አለበለዚያ የአይጥ መርዝ በልቶ፣ አለበለዚያ ደግሞ የራኩን ወስፋት እጭ አንጎሉ ገብቶ ነው። የሰሊ ግን የኋላ እግር ነው ያለችው፣ እሱ መኪና ወይ ውሻ ወይ ከዛፍ መውደቅ ይመስላል፣ ጀርባው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

ሀኒ በባዶ እጅ እንዳትነኪው ያለችው ግን ትክክል ናት፣ ስኩረል ሲነክስ ጥርሱ እስከ አጥንት ይደርሳል። ሌላም ምክንያት አለው። ሬቢስ የሚመረመረው አንጎል ተወስዶ ስለሆነ ለመመርመር እንስሳው መሞት አለበት። አንድ ሰው ነከሰ ተብሎ ሪፖርት ከተደረገ ሊተርፍ የሚችለውም ላይተርፍ ይችላል። ስለዚህ ወፍራም የአትክልት ጓንት አድርጊ፣ ፎጣ ጣይበትና ከነፎጣው አንስተሽ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ አስገቢው፣ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ለብ ያለ ውሃ በጠርሙስ ሞልተሽ ካልሲ ውስጥ ከተሽ በአንድ ጎን አድርጊለት፣ ከሞቀው ሸሽቶ የሚሄድበት ቦታም ይኑረው። ወተት የለም ምግብ የለም፣ ውሃም በአፉ አታንቆርቁሪ ሳንባው ይገባል። ልጆቹም እየከፈቱ አይዩት፣ ለሱ የሰው ፊት ማለት ሊበላው የመጣ አውሬ ነው።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የዱር እንስሳ ቤት አስቀምጦ ማከም ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ያላቸውን ሪሃቢሊቴተሮች (የዱር እንስሳ አስታማሚዎች) የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መስሪያ ቤት ዲኤንአር በየካውንቲው ዘርዝሮ አውጥቷል። አኒማል ሄልፕ ናው የሚባል ድረ ገጽም አለ፣ ያለሽበትን ስታስገቢ ቅርብ ያለውን ያወጣልሻል። ዝም ብለሽ ተራ ቬት ጋ ይዘሽ አትሂጂ፣ ብዙዎቹ ዱር እንስሳ አይቀበሉም።

ሚኪ ዉድብሪጅ፦
ይሄ ፈቃድ ፈቃድ የሚባለው ነገር ነው እኔን የሚያናድደኝ። ሪሃቢሊቴተሮቹ ደሞዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ግልገል በሚበዛበት ሰሞን ደውል እስቲ፣ ሞልቶብናል ነው መልሱ። እስከዛ እንስሳው ካርቶን ውስጥ ይሙት? በ2024 ኒውዮርክ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፒናት የሚባለው ስኩረል እናቱን መኪና ገጭቷት ከሰው ጋር 7 ዓመት የኖረ፣ ኢንተርኔት ላይ ስንት ሰው የሚያየው፣ በጥቅምት መጨረሻ የመንግስት ሰዎች ቤት ፈትሸው ወሰዱት፣ ከአንድ ራኩን ጋር ገደሉት፣ ምርመራው ሲወጣ ሁለቱም ሬቢስ የለባቸውም። ይሄ ነው የህግ ጥበቃ? እኔ ጓሮዬ ስኩረሎቹን እከክ ይዟቸው ጸጉራቸው አልቆ በብርድ ሲንቀጠቀጡ አየሁ፣ ኢቨርሜክቲን የሚባለውን የፈረስ የተባይ መድኃኒት ገዝቼ ዋልነት ላይ እየቀባሁ ሰጠኋቸው፣ አሁን ጸጉራቸው ተመልሷል። ማንንም ላይሰንስ አልጠየቅኩም።

ቬት ቴክ ኖቫ፦
ሚኪ በፒናት ነገር ብዙ አንለያይም፣ አያያዙ አሳፋሪ ነበር። አንዱን ሰራተኛ ነከሰ ተባለ፣ ከዛ በኋላ ያለው ያልኳችሁ የምርመራ ጣጣ ነው። ለዛም ነው ከዛ በኋላ ኒውዮርክ ምክር ቤት ላይ እንዲህ የተያዘ እንስሳ ከመገደሉ በፊት 72 ሰዓት ይጠበቅ የሚል ረቂቅ የቀረበው። ዋልነቱ ላይ ግን ዝም አልልህም። ያ የኢቨርሜክቲን ቱቦ የተሰራው እስከ 1,250 ፓውንድ ለሚመዝን ፈረስ ነው፣ ግራጫ ስኩረል ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው። በጣት ቀብተህ መጠኑን በምን አወቅክ? ደሞ ዋልነቱን ማን እንደበላው አታውቅም፣ አንዱ ስኩረል አምስቱን ወስዶ ይቀብራል፣ የተረፈውን የጎረቤት ውሻ ያነሳዋል። ኮሊና አውስትራሊያን ሼፐርድ አይነት ውሾች ውስጥ በዘር ኢቨርሜክቲን የማይችሉ አሉ፣ መጠኑ ከበዛ አንጎላቸውን ይጎዳል። ጸጉራቸው ተመለሰ ያልከውም ቀላል እከክ የያዘው ስኩረል ብዙ ጊዜ ያለመድኃኒትም ይድናል፣ ያንተ መድኃኒት ይሁን የራሳቸው ጤና በምን ለየኸው?

ሚኪ ዉድብሪጅ፦
ባይድኑስ ኖሮ? ክረምት ላይ ያለ ጸጉር ያለ እንስሳ ቁጭ ብዬ ሲሞት ልይ? አንተ ክሊኒክ ውስጥ ስለሆንክ መጠኑን ታውቃለህ፣ እሺ ንገረንና በመጠኑ እንስጥ። አትነግረንም፣ ለምን ቢባል ህግ። ወደዛው ነው የምትመልሰኝ።

ቬት ቴክ ኖቫ፦
ባውቅም ሚዛን ላይ ያልወጣ እንስሳ በሩቅ ዶዝ አይደረግም፣ ህግ ባይኖርም አልነግርህም።

ሉሊት ለንደን፦
እናንተስ ደህና ናችሁ። እዚህ እንግሊዝ ግራጫው ስኩረል እንደኛው መጤ ነው፣ ከአሜሪካ መጥቶ በ1876 ተለቀቀ፣ አሁን ወደ 2.7 ሚሊዮን ይሆናል ይባላል። የሀገሬውን ቀይ ስኩረል ምግቡን እየቀማ፣ ግራጫውን ራሱን ብዙም የማይጎዳውን የፖክስ ቫይረስ እያስተላለፈበት ከብዙ ቦታ አጠፋው። ስለዚህ ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ህጉ ጠብቋል፣ ግራጫ ስኩረል አንዴ ከያዝሽ መልሰሽ መልቀቅ ወንጀል ነው፣ የተሰበረ እግሩ ቢድን እንኳን። ድሮ ለማገገሚያ ቦታዎች ፈቃድ ይሰጥ ነበር እሱም ቀረ። እና ስራ ቦታ አንዷ ልጅ የግራጫ ስኩረል ግልገል አንስታ ቬት ጋ ይዛ ሄደች፣ ምርጫው በመርፌ አስተኝቶ መግደል ብቻ ነው ሲሏት እዛው ቆማ አለቀሰች። ባታነሳው ኖሮ እናቱ ትመጣለት ነበር ይሆናል። የሚኪ ጥያቄ እዚህ ቢሆን ይብሳል፣ እዚህ ደግነት ራሱ ነው የሚገድለው። እኔ እንኳን ህጉን አልቃወምም፣ ቀዩን ስኮትላንድ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ያ ከሚጠፋ ግራጫው ቢቀንስ ይሻላል ባይ ነኝ። ስድብ እንዳይከተለኝ ብቻ።

ፍራንክፈርት ያለሁ፦
ጀርመን ደግሞ ግልብጡ ነው። ቀዩ ስኩረል ጥበቃ ያለው እንስሳ ነው፣ መያዝ አይፈቀድም፣ ግን የተፈጥሮ ጥበቃ ህጉ ራሱ የተጎዳ ወይ የታመመ ሲሆን ማንም ሰው አንስቶ ሊያስታምመው ይችላል ይላል፣ ራሱን ችሎ መኖር ሲችል ወዲያው መልቀቅ አለብህ፣ በቃ። ፈቃድ ሳይሆን መጨረሻውን ነው የሚቆጣጠሩት። አሜሪካም እንዲህ ቢያደርግ ሚኪም ቬቱም ባልተጣሉ።

ቬት ቴክ ኖቫ፦
ቆንጆ ነው ግን ወዲያው መልቀቅ የሚለውን ማን ያስከብረዋል? እኛ ጋ የሚመጡት እኮ ሰው ከልጅነቱ ያሳደጋቸው ናቸው። ለውዝና የሱፍ ፍሬ ብቻ እየበላ ካልሲየም አጥቶ አጥንቱ የሳሳ፣ ዘሎ ሶፋ ላይ ሲወጣ እግሩ የሚሰበር። አንዱን ኤክስሬይ ላይ አይቼዋለሁ፣ አጥንቱ ከስጋው አይለይም፣ ጥላ ይመስላል። ባለቤቷ እንደ ልጄ ነው የማየው እያለች ነው ያመጣችው፣ እውነቷንም ነው። ፈቃድ ማለት ለኔ ወረቀቱ አይደለም፣ የሚበላውን የሚያውቅና ሰው እንዳይለምድ አድርጎ የሚያሳድግ ሰው ይሁን ነው።

ፍራንክፈርት ያለሁ፦
እሱን ስልጠና ይሰጠዋል፣ ቅጣት አይሰጠውም። የሁለት ሰዓት ኮርስ በኦንላይን አድርጉና ለሁሉም ክፈቱት።

ጋሽ ታዴ አሌክሳንድሪያ፦
ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ ስኩረል ሲባል ደሜ ይፈላል። ቲማቲሜን ቀላ ሲል ጠብቆ አንዴ ገምጦ ይጥለዋል፣ ሌላውን ይገምጣል። አንዱን ጨርሶ ቢበላ ምን ነበረበት? ባለፈው በጋ ወጥመድ ገዝቼ እየያዝኩ ወንዙን አሻግሬ ጫካ ስለቅ ነበር፣ አልገደልኩም፣ እዛ ዛፉ ሞልቷል። ይሄም እርዳታ ነው እንግዲህ፣ ለሱም ለኔም።

ቬት ቴክ ኖቫ፦
ጋሽ ታዴ አይቀየሙኝና እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ እንዲሁ ከሰፈር ተይዘው ጫካ የተለቀቁ 38 ስኩረሎችን ተከታትለው ነበር፣ በ2004 የወጣ ጥናት ነው፣ በ88 ቀን ውስጥ 37ቱ ወይ ሞተዋል ወይ ከቦታው ጠፍተዋል። የማያውቀው ጫካ ውስጥ የቀበረው ምግብ የለው ጎጆ የለው፣ የዛ ጫካ ስኩረሎችም አያስጠጉትም። ፈቃድ ሳይኖርዎት ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅም ያስጠይቅዎታል።

ጋሽ ታዴ አሌክሳንድሪያ፦
ምነው ታዲያ የሸጡልኝ ሰዎች ሳይነግሩኝ! ወጥመዱ ላይ የደስተኛ ስኩረል ስዕል አለበት እኮ።

የቦሌው ልጅ፦
😂😂 ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ እኮ ያልኩት ይሄንን ነው፣ ሰው በገባበት ቁጥር ይበላሻል። መድኃኒት ሰጠ አበላሸ፣ አሳደገ አጥንቱን ሰበረ፣ ጫካ ወሰደ ገደለ። ዝም በሉት።

ሀኒ ነርሷ፦
ዝም በሉት የምትለው ጉዳቱ የተፈጥሮ ሲሆን ነው። መኪናው የኛ፣ የአይጥ መርዙ የኛ፣ ድመቷ የኛ። ድመት የያዘችው ትንሽ እንስሳ ቁስሉ ባይታይም ከጥርሷ በሚገባው ባክቴሪያ ብቻ ይሞታል፣ አንቲባዮቲክ ካላገኘ። ቢያንስ ጉዳቱ ከኛ የመጣ ሲሆን ማንሳት አለብን ባይ ነኝ። በጭልፊት የተያዘውንማ ከአፏ አልነጥቅም፣ እዛ ላይ ካንተ ጋር ነኝ።

የቦሌው ልጅ፦
እሺ ድመቷን ሰጠሁሽ። መኪናውን ግን አልሰጥም፣ ሚዳቋ በተገጨ ቁጥር ሀይዌይ ላይ ልትቆሚ ነው?

ሰሊ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እናንተ ስትከራከሩ እኔ ሪሃቢሊቴተሮቹ ጋ ደውዬ ነበር። ሁለቱ አላነሱም፣ ሶስተኛዋ ቪዲዮ ላኪ አለችኝ፣ አይታ አምጪው አለች። በግልጽ ነገረችኝ፣ ጀርባው ከተሰበረ ታስተኛዋለች፣ እብጠት ብቻ ከሆነ ደግሞ መድኃኒት እየሰጠች ጥቂት ቀን ታየዋለች። ባለቤቴ እያጉረመረመ መኪና ሊያስነሳ ወጥቷል። ለልጆቹ ሊሞት ይችላል ብዬ ልንገራቸው ወይስ ሐኪም ጋ ሄደ ብዬ ልተወው?

ሀኒ ነርሷ፦
ንገሪያቸው። ሆስፒታል ውስጥ የማየው ቤተሰብ ሁሉ ጣጣው የሚጀምረው ተደባብቆ ነው።

ሚኪ ዉድብሪጅ፦
አትንገሪያቸው፣ ትንንሽ አይደሉም እንዴ? ሲድን ትነግሪያቸዋለሽ። ደሞ እዩት፣ ሁለቱ አላነሱም፣ ያልኩት ይሄንኑ ነበር።

ጋሽ ታዴ አሌክሳንድሪያ፦
ቬቱ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አሁን ኮርኒሴ ላይ ሌሊት ሌሊት ሳይሆን ጠዋት ጠዋት ኮሽ ኮሽ ይላል፣ የገባበትን ቀዳዳ አግኝቼዋለሁ። ቅዳሜ ልጁ መጥቶ ቆርቆሮ ሊመታበት ነው። ይሄስ ያስጠይቃል?

ቬት ቴክ ኖቫ፦
ጋሼ ቅዳሜ እንዳይመቱበት! ጠዋት ከሆነ ስኩረል ነው፣ አሁን ደግሞ ነሐሴ ነው፣ የሚወልዱበት ሰሞን ነው። እናቲቱ ውጭ ሆና ከዘጉባት ልጆቹ ውስጥ ያልቃሉ፣ ሽታውን አይችሉትም፣ እሷም ለመግባት ጣሪያዎን ትበላዋለች። ልጆቹ ራሳቸው ሲወጡ እስኪያዩ ይታገሱ፣ ከዛ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት በር አለ እሱን ይግጠሙና ሁሉም ሲወጡ ይዘጉታል። ቲማቲሙን ደግሞ መረብ ያልብሱት።

ጋሽ ታዴ አሌክሳንድሪያ፦
እስከ መቼ ነው የምታገሰው?

ቬት ቴክ ኖቫ፦
መቼ እንደወለደች ይወሰናል፣ እስከ ጥቅምት ሊሄድ ይችላል።

ጋሽ ታዴ አሌክሳንድሪያ፦
ኪራይ ልጠይቃት እንግዲህ።