ጣርማበር ላይ ያለ የድንጋይ ሆቴል፦ ልስኑ ለምን ይረግፋል?

ጠያቂ፦ ከጣርማበር የመኪና መንገድ ዋሻ አጠገብ በጣሊያን ጊዜ (1928-1933 ዓ.ም.) የተሠራ የድንጋይ ቤት ለእንግዳ ማረፊያ እየታደሰ ነው። ቀደም ሲል በሲሚንቶ ተለስኗል፤ አሁን ያብጣል፣ ይረግፋል። እንደገና በሲሚንቶ ይለሰን?

መልስ 1፦ በፍጹም። የጣርማበር ጭጋግ ግድግዳው ውስጥ ይሰርጋል፤ ሲሚንቶው መውጫ ስለሚዘጋበት እርጥበቱ ልስኑን ይገፋል፣ ድንጋዩንም ይልጣል። በመሮና በመዶሻ ቀስ ብላችሁ አንሱት። መጋጠሚያውን ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ጥረጉ፣ በውሃ አርሱ፣ ከዚያ ኖራ 1 እጅ፣ የታጠበ አሸዋ 3 እጅ ቀላቅላችሁ ለስኑ። ኖራው ቢያንስ 2 ሳምንት በውሃ ተነክሮ ይረፍ፤ ያልሟሟ ፍሬ ከቀረ ከተለሰነ በኋላ አብጦ ይፈነዳል። አንዱ ድርብ ከ1 ሳንቲሜትር አይብለጥ።

መልስ 2፦ መጀመሪያ ግን አሸንዳው! ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር ከተኛ ኖራም አያድናችሁም። የውጩ አፈር ከውስጡ ወለል 15 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል፣ ቦዩም ወደ ቁልቁለቱ ይሂድ።

መልስ 3፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እንዳትለስኑ፤ እርጥብ ኖራ ውርጭ ከመታው ይፈረፈራል። ፀሐይና ነፋስም ቶሎ ያደርቁታል፣ ስለዚህ ለአንድ ሳምንት እርጥብ ጆንያ ይሸፍነው።

ጠያቂ፦ ውስጡንስ ቀለም ብንቀባው?

መልስ 1፦ የኖራ ቀለም ብቻ። የዘይት ቀለም ያው እንደ ሲሚንቶው የእርጥበቱን መውጫ ይዘጋል።