የጋሼ ድንጋዮች ከካርቶን ይውጡ፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጋሼ የድንጋይና የማዕድን ስብስባቸውን ሊያካፍሉን ፈቅደዋል። ሐሳቡ በጂኦካሺንግ ይሁን የሚል ነው። ለማታውቁት፦ አንዱ ዕቃ ደብቆ ቦታውን የሚያመለክተውን የጂፒኤስ ቁጥር ይናገራል። ሌላው በስልኩ ፈልጎ ያገኛል፣ ደብተሩ ላይ ይፈርማል፣ አንድ ነገር ወስዶ በምትኩ ሌላ ይተዋል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ነው፤ አሜሪካ የጂፒኤስን ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን ባቆመች ማግስት። የኔ ረቂቅ፦ ስድስት ምሳ ዕቃ ከጣና ሐይቅ ዳር እስከ ቤዛዊት ኮረብታ እንደብቅ።

የጀልባው ልጅ፦ አሪፍ ነው፣ ግን መደበቁ ይቅር። በዚህ ጊዜ ቁጥቋጦ ሥር የታሸገ ዕቃ ያገኘ ሰው ድንጋይ ነው ብሎ አይከፍትም። ፖሊስ ነው የሚጠራው።

መምህርት፦ ልክ ነህ። የጨዋታው ደንብም ቆፍሮ መቅበርን ይከለክላል። ባለቤት ያለው ግቢ ይሁን፤ ባለቤቱም ይወቅ፣ ይፍቀድ። ዕቃው ውስጡ የሚታይ፣ በላዩ በአማርኛ የተጻፈበት። የሐይቁን ገዳማት ግን አንንካ። ሰው ለጸሎት በሚሄድበት ዕቃ ፍለጋ መዞር ነውር ነው። ክብራን ገብርኤል ደግሞ እኛ ሴቶች አንገባም፤ ግማሹን አባል ጀልባ ላይ ልታስቀሩት ነው?

ጋሼ፦ ተባረኩ ልጆቼ። ከደጀን ያመጣሁት የጀሶ ድንጋይ ሞልቷል። በጥፍር ስለሚጫር ልጆች ይወዱታል። ባልጩቱ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፣ ለልጅ እጅ አይሆንም። ኦፓሉን፣ ያን ብልጭ የሚለውን የከበረ ድንጋይ፣ አልሰጥም። ስስት እንዳይመስላችሁ። የወሎው የወገልጤና ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ትናንት ማታ አንዱን ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩት። ጧት ሳየው ያ ቀይና አረንጓዴ ብልጭታው ጠፍቶ የጠርሙስ ስባሪ መስሏል። ሲደርቅ ይመለሳል። ዘይትና ላብ ሲጠጣ ግን መልኩ ይበላሻል። የሁሉም ሰው እጅ በሚገባበት ሣጥን አላስቀምጠውም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሰው ጀሶውን ወስዶ ከመንገድ ያነሳውን ጠጠር ቢተውስ?

ጋሼ፦ ከየት እንዳነሳው ከጻፈ ይበቃኛል። እኔ ወረቀታቸውን አይጥ የበላብኝ አሥራ ሁለት ድንጋዮች አሉኝ። ሲያምሩ ልነግራችሁ አልችልም። ግን ከየት እንደመጡ ማን ይንገረኝ?

መምህርት፦ እንግዲያው ቦታ ያልተጻፈበት ድንጋይ ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ ይህ በረቂቁ ላይ ይስፈር። ሌላው፣ ሣጥን የሌለው ዓይነትም አለ፣ ኧርዝካሽ ይሉታል። ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ድንጋዩን አይቶ ጥያቄ ይመልሳል። ለኛ አገር ይህ ይሻላል ባይ ነኝ። ጣናን ካጠራቀሙት ነገሮች አንዱ እኮ ይኸው የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ ነው። ቀልጦ ፈሰሰ፣ የውኃውን መውጫ ዘጋ። ድንጋዩ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የጋዝ አረፋ የነበሩ ናቸው። አንዳንዱ ቀዳዳ በነጭ ማዕድን ተሞልቷል። ሎሚ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ካወጣ ካልሳይት የሚባለው የኖራ ድንጋይ ማዕድን ነው። ጥያቄያችን ይኸው ይሁን።

የጀልባው ልጅ፦ እኔ ያን ነጭ ነገር የወፍ ኩስ ነበር የሚመስለኝ 😂 ጢስ ዓባይም ይጨመር። ከዚያ ግን ድንጋይ ማንሳት አይፈቀድ፣ ማየት ብቻ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለደብተሩ እርሳስ እገዛለሁ። እስክሪብቶ በክረምት አይጽፍም።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን አስተካክያለሁ። ሦስት ሣጥን ፈቃድ ባገኘንባቸው ግቢዎች፣ ሁለት ያለ ሣጥን፦ ሐይቁ ዳርና ጢስ ዓባይ። ዳታ ሲጠፋ እንዳንቸገር ካርታውን በወረቀት እናትማለን። ኦፓሉን ጋሼ ራሳቸው በምርቃቱ ቀን በብርጭቆ ያሳዩናል፣ ከፈቀዱ። የሚቃወም አለ?

ጋሼ፦ እኔ ፈቅጃለሁ። መለየቱን ግን ብቻዬን አልችለውም፣ ዓይኔ ደክሟል።

የጀልባው ልጅ፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ ጋሼ። ካርቶኑ ከባድ ነው እንዴ?

ጋሼ፦ ሁለት ሆናችሁ ኑ። ሎሚም አትርሱ።