የምጣዱ መስመር እየጋለ ነው፣ ኤሌክትሪክ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ባህር ዳር ሽምብጥ ነው ያለሁት፣ ቤቱ የድሮ ጭቃ ቤት ነው ኮርኒሱ ደሞ ማዳበሪያ። እንጀራ ስንጋግር ብሬከሩ ይጥላል፣ ሶኬቱ እጅ አያስነካም፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ኮርኒሱን ገለጥ አድርጌ ሳይ ገመዱን አይጥ በልቶት መዳቡ ወጥቷል፣ ከጎኑ ያለው ማዳበሪያም ጠቁሯል። ኤሌክትሪሻን አስመጣሁ፣ የተላጠውን በናስትሮ ጠቅልሎ 16 አምፔሩን ብሬከር በ32 ቀየረው፣ አሁን አይጥልም ግን ሽታው ባሰበት፣ በጣም ያስፈራኝ እሱ ነው ምክንያቱም ገመዱ ያው የድሮው 2.5 ካሬ (የመዳቡ ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር) ነው እና ብሬከሩ ሳይጥል ገመዱ ቀድሞ ሊቃጠል ይችላል፣ ልጆቹ ደሞ እዛው ስር ነው የሚተኙት። ለጊዜው መስመሩን አጥፍቼ በእንጨት እየጋገርን ነው። ለምጣዱ ብቻ ከቆጣሪው አዲስ 4 ካሬ መስመር ከነብሬከሩ ባዘረጋ ይበቃል ወይስ ኮርኒስ ውስጥ ያለው ገመድ በሙሉ መቀየር አለበት?