ነገ ጠዋት ቡርሳ ልንሄድ ነበር፣ ጀልባው ተሰረዘ! ምን ይሻላል?

የሸዋ በር ልጅ፣ ቅዳሜ ማታ 2:10
ጀማው፣ አስቸኳይ ነው። ከእናቴ ጋር ኢስታንቡል ነኝ። ነገ በጠዋት ጀልባ ቡርሳ ሄደን ማታ ልንመለስ ትኬት ቆርጬ ነበር። አሁን በቱርክኛ መልእክት ገባልኝ። ጮክ ብዬ እያነበብኩ «ኢፕታል» የምትል ቃል ላይ ስደርስ እናቴ ከአልጋዋ ሆና «ባጢል ሆነ ማለት ነው» አለችኝ። ቁርኣን የቀራች ናት፣ የዐረብኛ ቃል አታልፋትም። በስልኬ ባስተረጉመው እውነትም ተሰርዟል። ምክንያቱ ነፋስ ነው። የሆቴሉ መስኮት ይንቀጫቀጫል። በሌላ ነገር መሄድ ይቻላል ወይስ ወደ ሰኞ ላዙረው? እሷ የቡርሳውን ትልቅ መስጊድ፣ ኡሉ ጃሚን፣ ሳላይ ደሴ አልገባም ብላለች። ቶሎ በሉ፣ ዋይፋዩ ይቆራረጣል።

ቧንቧ ውሃ፣ 2:14
ኮንትራት ታክሲ ያዝ። አለቀ።

መምህር ከወልዲያ፣ 2:26
ልጄ፣ እናትህ ያሉት ትክክል ነው። ቡርሳ ቀላል ከተማ አይደለችም። ኦርሃን በ1326 ይዞ የኦቶማኖች ዋና ከተማ ያደረጋት እሷን ነው። ኢስታንቡል በእጃቸው የገባችው በ1453 ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።) አባቱ ዑስማንም እሱም የተቀበሩት እዚያው ቡርሳ ነው። እናትህ የቱርክ ድራማ የሚያዩ ከሆነ ማን ማን እንደሆነ ካንተ በላይ ያውቃሉ። ኡሉ ጃሚን ያሠራው ቀዳማዊ ባየዚድ ነው። በ1396 ኒኮፖሊስ ላይ ሲዋጋ «ድል ካደረግሁ 20 መስጊድ አሠራለሁ» ብሎ ተሳለ ይባላል። ድሉን አገኘ። ከዚያ አማካሪዎቹ መከሩትና 20 ጉልላት ያለው አንድ መስጊድ አሠራ። በ1399 አለቀ። የውዱእ ምንጩ በውስጡ ነው፣ መሃል ላይ ውሃው ይንፎለፎላል። ስለ ሐሩ ንግድ ደግሞ…

የባቲ ሰኞ፣ 2:29
መምህር፣ እድሜ ይስጥዎት፣ ግን ልጁ የጠየቀው መኪና ነው 😂

ገራዶ፣ 2:33
እኔ ግን አልገባኝም። ለጥቂት ቀን ውጭ አገር ሄደህ ከተማውን ሳትጨርስ ሌላ ከተማ? ቡርሳ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ወልዲያ ደርሰህ ትንሽ ማለፍ ማለት ነው። ደርሶ መልስ ቀኑን በላው። ነፋሱ ራሱ «አርፈህ ተቀመጥ» እያለህ ነው።

የባቲ ሰኞ፣ 2:36
አንተ ደሴ እንግዳ ሲመጣብህ ሃይቅን ሳታሳይ ትሸኛለህ?

ገራዶ፣ 2:37
ሃይቅ 30 ኪሎ ሜትር ናት! ነገሩን አታምታታው።

አክሳራይ ያለሁ፣ 2:41
ሰላም፣ እዚሁ ነው የምኖረው። ይህ ነፋስ ሎዶስ ይባላል፣ ከደቡብ ነው የሚመጣ። ሲነሳ የማርማራን ጀልባ ያስቆማል። ስለዚህ «ቡርሳ ካልሆነ ደሴቶቹ» ብለህ ቡዩካዳም እንዳታስብ፣ እሱም ጀልባ ነው። ኡሉዳግ ተራራ የሚያወጣው የገመድ መኪናም በነፋስ ይቆማል። መልሱ አውቶቡስ ነው። ግን መጀመሪያ ሦስት ነገር ንገረኝ። ሆቴልህ የት ነው? ስንት ቀን ቀራችሁ? እናትህ በእግር እንዴት ናቸው?

የሸዋ በር ልጅ፣ 2:48
ላሌሊ ነን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አትወድም። በረራችን ማክሰኞ ሌሊት 7:40 ነው፣ ስለዚህ ሦስት ሙሉ ቀን አለን። ያሰብኩት፦ ነገ እሁድ ግራንድ ባዛር፣ ሰኞ ቡርሳ፣ ማክሰኞ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት። ነፋሱ እስከ ሰኞ ይቆማል አይደል?

ቧንቧ ውሃ፣ 2:50
ኮንትራት ታክሲ ብዬሃለሁ እኮ።

አክሳራይ ያለሁ፣ 2:55
ወንድሜ፣ ይህን ፕሮግራም ማን አወጣልህ? ግራንድ ባዛር እሁድ ዝግ ነው። ቶፕካፒ ማክሰኞ ዝግ ነው። ሁለቱንም በር ላይ ቆመህ ፎቶ ልትነሳ ነው?

የባቲ ሰኞ፣ 2:56
😂😂 ባቲ ገበያ ማክሰኞ እንደመሄድ

ሐረጎ ጠመዝማዛ፣ 3:02
ይህን ስሰማ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ከጅዳ ስትመጣ «ሐሙስ ሌሊት ነው የምሳፈረው» አለችን። ሐሙስ ማታ ሻንጣዋን ጎትታ ኤርፖርት ሄደች። አውሮፕላኑ ለሐሙስ አጥቢያ ሄዷል! እኛ ኮምቦልቻ በግ ጎትተን ዶሮ ወጥ ሠርተን፣ እሷ ጅዳ ኤርፖርት ወለል ላይ። በጉን በላነው እንጂ ምን ይደረግ። አንተስ ትኬትህ ላይ በቁጥር ምን ይላል?

ገራዶ፣ 3:04
ዶሮ ወጥ እና በግ አንድ ላይ? ለአንዲት አክስት?

የሸዋ በር ልጅ፣ 3:11
ትኬቱን አየሁት። ማክሰኞ፣ 01:40 ይላል። በእኛ ሌሊት 7:40። ትክክል ነኝ፣ ምን ችግር አለው?

ሐረጎ ጠመዝማዛ፣ 3:12
ወላሂ አክስቴ ናት! ሰዓቱን በትክክል ገለበጥከው፣ ሌሊቱን ግን ሳትከው። ያ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ሰኞ ማታ ነው የምትሳፈሩት!

የሸዋ በር ልጅ፣ 3:14
ኧረ ማክሰኞ ነው የሚለው። ሆቴልም እስከ ማክሰኞ ነው የከፈልኩት።

መምህር ከወልዲያ፣ 3:20
ልጄ፣ ተረጋግተህ ስማኝ። ለእኛ ማክሰኞ ሲነጋ ይጀምርና ሌሊቱ ይከተለዋል። ለእነሱ ቀን የሚቀየረው በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ሰኞ እራት በልተህ ከ6 ሰዓት ሌሊት በኋላ ያለው ሁሉ ማክሰኞ ይባላል። 01:40 ማለት ገና አንድ ሰዓት ከአርባ አልፎት ነው። የቱርክ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ እሱ አያሳስብህ። ያሳሰበኝ ሌሊቱ ነው። ሆቴሉም የሰኞን አዳር ቆጥሮብህ ነው «እስከ ማክሰኞ» ያለህ።

የባቲ ሰኞ፣ 3:21
አሁን ገና ለጥያቄው መለሱ መምህር ❤️

አክሳራይ ያለሁ፣ 3:30
እንግዲህ የቀራችሁ ነገና ሰኞ ነው። ሰኞ ከምሽቱ 4:30 ላይ ኤርፖርት መገኘት አለባችሁ። ኤርፖርቱ ከላሌሊ ሩቅ ነው። እኔ ብሆን ከ2:30 በፊት ከሆቴል እወጣለሁ። ስለዚህ ሰኞ ቡርሳን እርሳው። መንገድ ከተዘጋጋ አውሮፕላኑ ያመልጣችኋል። ቡርሳ ወይ ነገ ነው ወይ የለም።

ነገ እንዲህ አድርግ። አክሳራይ ላይ ሜትሮ ያዝ፣ ሳትቀይር ኦቶጋር የሚባለው ፌርማታ ትወርዳለህ። ትልቁ መናኸሪያ እሱ ነው። ፓስፖርታችሁን ያዙ፣ ትኬት ሲቆረጥ ይጠይቃሉ። ቲኬት ቆራጩን «ኮፕሩ?» በለው፣ ድልድይ ማለት ነው። አንዳንዱ አውቶቡስ የኢዝሚትን ባሕረ ሰላጤ መኪና በሚጭን ጀልባ ነው የሚሻገር፣ ነገ ያንን አትፈልገውም። በኦስማንጋዚ ድልድይ የሚሄደውን ያዝ። በ2016 የተከፈተ ነው፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ብቻ 1,550 ሜትር ነው። እናትህን መስኮት ጋ አስቀምጣቸው። ረዳቱ ሻይ ያዞራል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከተነሳችሁ 4 ሰዓት ገደማ ትደርሳላችሁ። ከቡርሳ መናኸሪያ መሃል ከተማ ትራም አለ፣ ግን ለእናትህ ጉልበት ስትል ታክሲ ያዝ። ዙህርን ኡሉ ጃሚ ስገዱ። ኮዛ ሃን አጠገቡ ነው፣ በ1491 የተሠራ የሐር ነጋዴዎች ግቢ። ግቢው ውስጥ ሻይ ጠጡ። 10 ሰዓት ላይ ወደ መናኸሪያ። እሁድ ማታ ወደ ኢስታንቡል የሚገባው መኪና ብዙ ነው፣ ከዚያ አታምሽ። የመመለሻውን ትኬት ጠዋት እንደደረስክ ቁረጥ።

ቧንቧ ውሃ፣ 3:33
መናኸሪያ ድረስ በኮንትራት ታክሲ።

እቴ ከሃይቅ፣ 3:47
የኔ ልጅ፣ እናትህን ጠይቀሃታል? ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ያህል አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ለታመመ ጉልበት ቀላል አይደለም። እኔም ጉልበቴን ያመኛል፣ ከሃይቅ ደሴ ስወርድ እንኳ ቆሜ ነው የምፍታታ። ዚያራ ከሆነ ሐሳቧ፣ እዚያው ኢስታንቡል ውስጥ አዩብ ሱልጣን አለላት። የነቢዩ ባልደረባ (ሶሃባ) አቡ አዩብ አል-አንሷሪ የተቀበሩበት ነው። ከኤሚኖኑ ትራም ይወስዳል። እኔ ልጄ ወስዶኝ አይቻለሁ፣ እዚያ ወሎ ገታ ለዚያራ የሄድኩ ያህል ነው ያለቀስኩት። ቡርሳ ካለች ግን አትከልክላት። ሻሽ አስይዛት፣ ካልሲ ደርባት፣ አውቶቡሱ ሲቆም አስወርዳት። ለሰኞ ጠዋት አዩብን አድርግላት፣ ከዚያ ባዛሩ ክፍት ነው።

ገራዶ፣ 3:52
እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይህን ነው።

የባቲ ሰኞ፣ 3:52
አላልክም።

የሸዋ በር ልጅ፣ 4:05
ላብ አጠመቀኝ ጀማው። ሐረጎ፣ አክስትህን ሳምልኝ። እናቴን «ሰኞ ማታ ነው የምንሄደው» ስላት «እኔማ ለማክሰኞ አጥቢያ መሆኑን አውቃለሁ፣ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ!! ጫማዋን በር ጋ አስቀምጣ በሶዋን በላስቲክ እየቋጠረች ነው። ነገ ከ

የባቲ ሰኞ፣ 4:09
ዋይፋዩ ተቆረጠ።

ሐረጎ ጠመዝማዛ፣ እሁድ ማታ 3:15
እሺ ሸዋ በር፣ ተመለሳችሁ?

እቴ ከሃይቅ፣ ሰኞ ማታ 4:40
ልጄ፣ ኤርፖርት ደረሳችሁ? እናትህ ደህና ናት?

ቧንቧ ውሃ፣ ሰኞ ማታ 5:02
ኮንትራት ይዘው ከሆነ ደርሰዋል።

ጢጣ፣ ማክሰኞ ጠዋት 3:20
ጀማው፣ ይቅርታ፣ እኔ ደግሞ ካይሮ ነኝ። ነገ እስክንድርያ ደርሼ ልመለስ ነበር፣ የባቡር ትኬቱ 08:00 ይላል። በእኛ ስንት ነው?